የዱባይ ደመወዝ ያኖራል? ከደሴ ሳይነሱ ወጪውን አስልቶ የመወሰን መመሪያ

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ደመወዙ ይህን ያህል ድርሃም ነው፤ ያኖረኛል?» ጠያቂው ከሆጤም ይምጣ ከሳላይሽ፣ ከኮምቦልቻም ይደውል፣ በስልክ የሚልክልኝ የቅጥር ደብዳቤ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከላይም ከታችም የተቆረጠ ነው። የሚታየው «ጠቅላላ» የሚለው መስመር ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው መልእክት ደግሞ ያው ቁጥር በብር ተባዝቶ ነው።

በዚህ ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም። ከዚህ በታች ያለውን አሠራር ደረጃ በደረጃ ከሠሩ ግን ማንንም ሳይጠይቁ መልሱን ራስዎ ያገኙታል። ደብዳቤው በእጅዎ ካለ ሥራው ከአንድ ቅዳሜና እሑድ አያልፍም።

መመሪያው በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በሱቅ፣ በጥበቃ ወይም በቢሮ ለሚቀጠሩ ነው፤ በተለይም በባሕሩ ዳር ባሉት ውድ የመዝናኛ ሰፈሮች፣ ማለትም በጁሜይራ፣ በፓልም ጁሜይራና በዱባይ ማሪና ለሚሠሩ። የቤት ሠራተኞች በአሠሪያቸው ቤት የሚኖሩና በተለየ ሕግ የሚተዳደሩ በመሆናቸው የእነሱ ስሌት ሌላ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቅጥር ደብዳቤው ሙሉ ቅጂ፣ ሁሉም ገጾች። ፎቶ ከሆነ ጠርዙ ያልተቆረጠ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ስሌቱን ለአባትዎ ወይም ለታላቅ እህትዎ የሚያሳዩበት ሰዓት መምጣቱ አይቀርም፤ ወረቀት ይሻላል።
- ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ለካርታና ለዋጋ ፍለጋ።
- ዱባይ የሚኖር፣ ከእርስዎ መሄድ ምንም ኮሚሽን የማያገኝ አንድ ሰው። ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል።
- የቤተሰብዎ ያለፉት ሦስት ወራት ወጪ፦ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ ያለብዎት ዕዳ።

1. ደመወዙን በታትነው ይጻፉ

ጠቅላላውን ቁጥር ለጊዜው ይተዉት። በደብዳቤው ላይ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የቤት አበልና የመጓጓዣ አበል ለየብቻቸው ተጽፈው ይገኛሉ። ሦስቱንም በሦስት መስመር ይጻፉ።

ይህን የምናደርገው የኋላ ክፍያዎች የሚሰሉት ከመሠረታዊው ብቻ ስለሆነ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሥራ ሕግ መሠረት አንድ ሠራተኛ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ሲለቅ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ጠቅላላ 3,200 ድርሃም የሚከፈላቸው ሁለት ሰዎች እንውሰድ። የአንደኛው መሠረታዊ 1,900 ነው፤ የሌላው 3,200 በሙሉ መሠረታዊ ነው። ለመጀመሪያው በዓመት 1,330 ይጠራቀምለታል፣ ለሁለተኛው 2,240። በየወሩ እኩል ይቀበላሉ፤ ሲመለሱ ግን በእያንዳንዱ ዓመት የ910 ድርሃም ልዩነት ይዘው ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚታሰበው በመሠረታዊው ላይ ነው።

«ሰርቪስ ቻርጅ» ወይም ጉርሻ ተብሎ የተነገረዎትን ገንዘብ በዚህ ገጽ ላይ አይጻፉት። የዱባይ ሆቴሎች በደንበኛው ሒሳብ ላይ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ ያ ገንዘብ ለሠራተኛው በምን መጠን እንደሚደርስ ግን ከሆቴል ሆቴል ይለያያል። በዚያ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት የባሕር ዳርቻው እንግዳ ይቀንሳል። ከተገኘ ጥሩ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ገንዘብ ግን አይደለም።

2. ስሌቱን ከድርሃም አያውጡ

ድርሃም ከ1997 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፤ አይንቀሳቀስም። ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን ሆኗል። ደመወዙን በብር ካባዙት የሚያዩት ቁጥር ትልቅ ይሆናል፤ የሚከፍሉት የቤት ኪራይና የሚገዙት ዳቦ ግን በድርሃም ነው። 3,200 ድርሃም ደሴ ላይ ሀብት ይመስላል፤ ማሪና ላይ ግን ብቻዎን በሚኖሩበት ቤት አያስቀምጥም። ብር ወደ ስሌቱ የሚገባው በ8ኛው ደረጃ ብቻ ነው።

3. የሥራ ቦታውን በካርታ ላይ ያግኙት

«ዱባይ» የሚለው አድራሻ በቂ አይደለም። የሆቴሉን ስም ካርታ ላይ ፈልገው ከየትኛው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ እንደሆነ ይጻፉ። ፓልም ጁሜይራ ላይ ከሆነ ሜትሮው እዚያ አይገባም፤ ወደ ደሴቱ የሚወስደው ሞኖሬይል የተለየ ትኬት አለው። ይህ አንድ መስመር የኪራይና የመጓጓዣ ወጪዎን ግማሽ ይወስናል፤ ስለዚህ ቤት ከመፈለግ በፊት ይሠራል።

4. መኖሪያ

ወጪው የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው።

*ሀ. አሠሪው የሚሰጠው ማደሪያ።* ለአዲስ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይህ ነው። ነገር ግን «ማደሪያ አለ» የሚለው ብቻ አይበቃም። በክፍል ስንት ሰው ይተኛል? ከማደሪያው እስከ ሆቴሉ የሠራተኛ አውቶቡስ አለ? ኢንተርኔት ማን ይከፍላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፦ ወጥ ቤት አለው? ወጥ ቤት የሌለው ማደሪያ በነጻ ቢሰጥም በዕረፍት ቀንዎ ሦስቱንም ምግብ ገዝተው እንዲበሉ ያስገድዳል፤ የኪራዩን ትርፍ ሬስቶራንቱ ይወስደዋል። ማደሪያውን ባልፈልግ በምትኩ ጥሬ ገንዘብ ይሰጠኛል ወይ ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያስቀሩ።

*ለ. አልጋ ወይም ክፍል መጋራት።* እዚያ ያሉ ሰዎች «ቤድ ስፔስ» የሚሉት ይህ ነው። የሚከራዩት አንድ አልጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተደራራቢ። መጋረጃ ይኖረዋል፣ ከሥሩ ለሻንጣና ለጫማ ቦታ፣ በጋራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ስምዎ በፕላስተር የተለጠፈበት አንድ መደርደሪያ። ያ መደርደሪያ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ፤ የሳምንት ወጥ ሠርቶ ማስቀመጥ መቻልና አለመቻልዎን የሚወስነው እሱ ነው። ዋጋውን ለማወቅ ዱቢዝል የሚባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ገብተው በሰፈር ስም ይፈልጉ፤ ዴይራን፣ ቡር ዱባይን፣ ሳትዋን፣ አል ቁዝንና ኢንተርናሽናል ሲቲን ለየብቻ ይዩ። ለእያንዳንዱ ሰፈር አምስት ማስታወቂያ መዝግበው ርካሹንና ውዱን ይሰርዙ፤ የቀሩትን ሦስት አማካይ ይያዙ። ርካሹን የምንሰርዘው ብዙ ጊዜ የተያዘ ቤት ወይም ማጥመጃ ስለሆነ ነው።

ሲጠይቁ መብራትና ውኃ፣ ኢንተርኔትና የማብሰያ ጋዝ በኪራዩ ውስጥ መካተታቸውን፣ መያዣ ስንት እንደሆነና ምግብ ማብሰል መፈቀዱን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። እንጀራ መጋገር ይቅርና ሽንኩርት ማቁላላት የማይፈቀድባቸው ቤቶች አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳሎንን በጣውላ ወይም በጂፕሰም ከፋፍሎ ማከራየት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። በቤቱ የሚኖሩ ሰዎችም በኪራይ ውሉ ሥርዓት መመዝገብ አለባቸው። ቁጥጥር ሲመጣ ተከራዩ ይወጣል፤ መያዣውን የተቀበለው ሰውዬ ስልክ ደግሞ ያን ቀን አይሠራም። ውሉ በማን ስም እንደሆነ ሳያዩ፣ ደረሰኝም ሳይቀበሉ ገንዘብ አይስጡ፤ ደሴ ሆነው ደግሞ በጭራሽ አይላኩ።

*ሐ. ቤት በራስ ስም መከራየት።* ይህ ከጓደኞች ጋር ለመጋራት ወይም ቤተሰብ ለማምጣት ያሰቡትን ይመለከታል። ኪራዩ በወር የሚከፈል አይምሰልዎ፤ የዓመቱ ኪራይ በአንድ፣ በሁለት፣ በአራት ወይም ከዚያ በላይ ቼክ ተከፋፍሎ በቅድሚያ ይጻፋል። የቼኩ ቁጥር ሲያንስ ኪራዩ ይቀንሳል፤ ሲበዛ ይጨምራል። አስገራሚው ግን ኪራዩ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ነው። የዓመት ኪራዩ 60,000 ድርሃም የሆነ፣ ዕቃ የሌለው አፓርታማ በአራት ቼክ ቢከራዩ፦

- የመጀመሪያው ቼክ፦ 15,000
- መያዣ፣ ከዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ (ዕቃ ላለው ቤት 10 በመቶ ነው)፦ 3,000
- የደላላ ኮሚሽን፣ በተለመደው 5 በመቶ፣ ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ፦ 3,150
- የመብራትና የውኃ ባለሥልጣኑ «ዴዋ» ለአፓርታማ የሚጠይቀው ተቀማጭ፦ 2,000

ድምሩ 23,150 ድርሃም ነው፤ አልጋና ምድጃ ገና አልተገዛም፤ ውሉን «ኢጃሪ» በሚባለው ሥርዓት ማስመዝገቢያውም አልተነካም። በዚያ ላይ የዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ የሆነ የመኖሪያ ቤት ክፍያ በአሥራ ሁለት ተከፍሎ በየወሩ የዴዋ ሒሳብ ላይ ይመጣል፤ በዚህ ምሳሌ በወር 250 ማለት ነው። ይህን መስመር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያው የውኃ ሒሳብ ሲመጣ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ስለ ማቀዝቀዣም ይጠይቁ። በአንዳንድ ሕንጻዎች የማቀዝቀዣው ሒሳብ ለብቻው ነው፤ የራሱ ተቀማጭም አለው። የደሴን ብርድ በጋቢ አሳልፎ የኖረ ሰው ቤት ማቀዝቀዝ እንደ ኪራይ የሚያስከፍል መሆኑ አይታየውም፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ዱባይ ላይ ማቀዝቀዣ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም።

ቤተሰብ ለማምጣት ካሰቡ ደግሞ ደመወዝዎ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ሆኖ መኖሪያ በአሠሪው የተሰጠ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ይህን ክፍል ይለፉት።

5. መጓጓዣ

የሜትሮ ክፍያ የሚታሰበው በሚያቋርጡት ቀጠና ብዛት ነው። «ኖል» በሚባለው የመጓጓዣ መክፈያ ካርድ፣ በተራው ዓይነት፣ አንድ ቀጠና 3 ድርሃም፣ ሁለት ቀጠና 5፣ ከሁለት በላይ 7.50 ነው። ዴይራ አድሮ ማሪና የሚሠራ ሰው በቀን 15 ድርሃም ያወጣል፤ 26 ቀን ከሠራ 390 ይሆናል። የ30 ቀን የሁሉም ቀጠና ማለፊያ 350 ድርሃም ስለሆነ እሱን መግዛት ያዋጣዋል። በአንድ ቀጠና ውስጥ ለሚመላለስ የ30 ቀኑ ማለፊያ 140 ነው። ልዩነቱ በወር 210 ድርሃም ነው፤ ስለዚህ ከሥራው አጠገብ ያለ ቤት በወር ከዚያ ባልበለጠ ከተወደደ ጊዜዎን አትርፈው ይከራዩታል።

አሁን ፈረቃዎን ይመልከቱ። ሜትሮው ከሰኞ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል፤ እሑድ ጠዋት የሚጀምረው ደግሞ በ2 ሰዓት ነው። የቁርስ ፈረቃ 12 ሰዓት ላይ የሚገባ ሰው በየእሑዱ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ከምሽት ፈረቃ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚወጣም እንዲሁ። የሠራተኛ አውቶቡስ ከሌለ የታክሲውን ቀን ቆጥረው ይጨምሩ። በጎረቤቶቹ ኤምሬቶች በሻርጃና በአጅማን ኪራይ ርካሽ ነው ብለው የሚመክሩዎት ሰዎች ትክክል ናቸው፤ ጠዋት ወደ ዱባይ የሚገባውን የመኪና ሰልፍ ግን አይነግሩዎትም፤ የዱባይ ሜትሮም እዚያ አይደርስም።

በሜትሮ ውስጥ መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክ 100 ድርሃም ያስቀጣል።

6. ምግብ

«ምግብ በወር ስንት ይፈጃል?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ የሚመልሰው ሰው ሆድ ነው። በምትኩ ይህን ያድርጉ፦

1. ለሰባት ቀን ቤትዎ የሚበሉትን በሐቀኝነት ይመዝግቡ፤ እንጀራውን በቁጥር፣ ሽሮውንና ዘይቱን በልክ።
2. ለእያንዳንዱ ዕቃ በካርፉር ወይም በሉሉ ሱፐርማርኬት የዱባይ ድረ ገጽ ዋጋ ይፈልጉ።
3. ደምረው በ4.3 ያባዙ። በ4 አያባዙ፤ ወር 28 ቀን አይደለም፤ ቀሪዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ሁልጊዜ ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ያሉት ናቸው።
4. ሆቴሉ በሥራ ቀን የሚሰጠውን ምግብ ይቀንሱ፤ የዕረፍት ቀኑን አይቀንሱ።

ሲጨርሱ የሚያዩት ነገር ሩዝ፣ ምስር፣ እንቁላልና ዶሮ የማያስደነግጡ መሆናቸውን፣ እንጀራ ግን በአውሮፕላን የሚገባ በመሆኑ እንደ ዕለት ምግብ ሊቆጠር እንደማይችል ነው። ዴይራ ውስጥ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት አለ። በሳምንት አንድ ቀን ለእንጀራ ከመደቡ ወጪውም ናፍቆቱም ይያዛል።

ሽሮና በርበሬ ከደሴ ይዞ መሄድ ወጪ ይቀንሳል፤ በፋብሪካ የታሸገና ጽሑፍ ያለበት ቢሆን ይመረጣል።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ጫት በኤምሬቶች የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ትንሽም ቢሆን፣ ደረቁም ቢሆን፣ ዱቄቱም ቢሆን እስር ያመጣል። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎችም ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይገቡም። ጎረቤት «ለልጄ አድርሺልኝ» ብሎ የሰጠውን የተሰፋ እሽግ ሳይፈቱ ሻንጣ ውስጥ አያስገቡ። እትዬ ቢቀየሙም ይቀየሙ፤ እሳቸው ፊት ፈትተው አይተው፣ መልሰው ያሽጉት።

7. ስልክና ጥቃቅኑ

በዋትስአፕ ጽሑፍና ድምፅ መላክ ይቻላል፤ መደወል ግን በኤምሬቶች በአብዛኛው ዝግ ነው። የሚደወለው በተፈቀዱ መተግበሪያዎች ነው፤ ሐበሻው የሚጠቀምበት ቦቲም ነው። ከመሄድዎ በፊት በእናትዎ ስልክ ላይ ጭነው አደዋወሉን ያለማምዷቸው። ለስልክ ጥቅል፣ ለሳሙና፣ ለልብስ እጥበት፣ ለፀጉርና ለሥራ ጫማ አንድ ላይ አንድ መስመር ይያዙ። የጤና መድን አሠሪው የሚከፍለው ነው፤ ከደመወዝ ይቆረጣል ከተባሉ ይቃወሙ።

8. ለቤተሰብ የሚላከው

አሁን የሦስቱን ወራት የቤተሰብ ወጪ ያውጡና እርስዎ የሚሸፍኑትን ብቻ ለይተው ይደምሩ። ያንን ብር በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ወደ ድርሃም ይለውጡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከብር ፍላጎት ወደ ድርሃም እንጂ ከድርሃም ደመወዝ ወደ ብር አይደለም።

የሐዋላ ድርጅቶች በእያንዳንዱ መላክ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚወስዱ በየሳምንቱ ከመላክ በወር አንድ ጊዜ መላክ ያዋጣል። ይህን ከቤተሰብ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት፤ «አስቸኳይ ነው» የሚለው መልእክት በወር አራት ጊዜ ከመጣ ስሌቱ አይቆምም። ዕቁብ ካለብዎት ደግሞ ዕጣው ወጥቶልዎት ከሆነ ቀሪው ክፍያ ዕዳ ነው፤ እንደ ዕዳ ይጻፉት።

9. የመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት

ደመወዝ የሚከፈለው ወሩ ከተሠራ በኋላ ነው። በሕጉ መሠረት ደግሞ ከመክፈያው ቀን በኋላ 15 ቀን ሳያልፍ አሠሪው ዘገየ አይባልም። ስለዚህ ደመወዝ ሳይነኩ ለ45 ቀን የሚያኖር ገንዘብ ይዘው መነሳት አለብዎት፦ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ስልክ፣ አልጋ የሚከራዩ ከሆነ የአንድ ወር ተኩል ኪራይና መያዣው። ይህን መስመር ባዶ የተዉ ሰዎች ገና በመጀመሪያው ወር ከክፍል ጓደኛ ይበደራሉ፤ ሁለተኛው ወር ያንን ለመክፈል ይሄዳል።

10. ከመነሳት በፊት የሚወጣው

በሁለት ዓምድ ይጻፉት፦ «እኔ የምከፍለው» እና «አሠሪው የሚከፍለው»። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ክፍያ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለልደት የምስክር ወረቀት፣ ለሕክምና ምርመራና ክትባት፣ ከወንጀል ነጻ ለሚለው ማስረጃ፣ ለውል ማረጋገጫና ለሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። የኤምሬቶቹም የሥራ ሕግ አሠሪው የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው እንዳይቀበል ይከለክላል። «ለቪዛው» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቁ የተጠየቁት በተሳሳተው ዓምድ ውስጥ ነው።

የኛ አካባቢ ሰው የሚረሳው የአዲስ አበባ ምልልስ ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለምርመራ፣ ለውል ማረጋገጫና ለበረራ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የሚጨርስ የለም። የአውቶቡሱን፣ የአልጋውንና የምግቡን ይጨምሩ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነም በትኬቱ ዋጋ ያስቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራት ሕገ ወጥ ነው፤ ቪዛው ሲያልቅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ይቆጠራል፤ በአንድ ወር 1,500። «ገብተሽ ትቀይሪዋለሽ» የሚል ደላላ ይህን ቅጣት አይከፍልልዎትም። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያጣሩ።

11. ደምሩና ይወስኑ

ለማሳያ የወሰድኳቸው ቁጥሮች ናቸው፤ የእርስዎን ይተኩባቸው። ደመወዝ ከነአበሉ 3,200 ድርሃም፣ ከዚህ ውስጥ 900ው የቤት አበል፦

- ክፍል መጋራት፦ 1,100
- መጓጓዣ፦ 350
- ምግብ፦ 700
- ስልክ፦ 120
- ጥቃቅን፦ 150
- ለድንገተኛ፦ 200

ወጪው 2,620 ነው፤ የሚተርፈው 580። ከዚህ 300 ለቤተሰብ ቢላክ 280 ይቀራል። የእርስዎ እውነተኛ ደመወዝ ይህ 280 ነው። አሠሪው ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ሰጥቶ 900ውን የቤት አበል ቢያስቀር፣ ደመወዙ 2,300 ቢሆንም ከ1,520 ወጪ በኋላ 780 ይተርፋል፤ ትንሽ የሚመስለው ደመወዝ ይበልጣል ማለት ነው።

ቀጥሎ ከ9ኛውና ከ10ኛው ደረጃ ያወጡትን ወይም የተበደሩትን ለ280 ያካፍሉ። ለመሄድ 2,800 ድርሃም የሚያክል ገንዘብ ከተበደሩ ዕዳው በ10 ወር ያልቃል። የሙከራ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ አሠሪው በ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ዕዳው የሚያልቀው ከሙከራው ጊዜ በኋላ ከሆነ በሙከራው ቢሰናበቱ ዕዳ ይዘው ነው የሚመለሱት። እንዲህ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ፦ ብድሩን መቀነስ፣ ወይም ማደሪያ የሚሰጥ ሌላ ቅጥር መጠበቅ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- የቆየ ሰው ወጪን እንደ ራስ ወጪ መውሰድ። ስድስት ዓመት የኖረ ሰው በርካሽ ያገኘው አልጋ ለአዲስ ገቢ አይገኝም፤ የሚያኖረው ዛሬ በማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ ነው።
- በቲክቶክ የታየን ሰፈር የመኖሪያ ሰፈር አድርጎ ማሰብ። ማሪና ላይ ፎቶ የሚነሱት ሰዎች አብዛኞቹ ማታ በሜትሮ ወደ ሌላ ቦታ ይመለሳሉ።
- ኪራይ ተካፋይ ጓደኛ ቢወጣ ማን እንደሚሸፍን አለመነጋገር። ውሉ በስምዎ ከሆነ የእሱም ድርሻ የእርስዎ ነው፤ ቼኩ ላይ ያለው ፊርማ አንድ ብቻ ነው።
- የዓመት ፈቃድ ትኬትን አለመጠየቅ። ውል ሲያልቅ መመለሻውን አሠሪው ይከፍላል፤ በመሐል ለዓመት ፈቃድ የሚሰጥ ትኬት ግን በውሉ ላይ ካልተጻፈ አይጠበቅም። ካልተጻፈ የደርሶ መልሱን ዋጋ ለ12 አካፍለው በ11ኛው ደረጃ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ።
- የከፈሉበትን ደረሰኝ መጣል። የዴዋው 2,000 ተመላሽ ነው፤ የቤቱ መያዣም ቤቱ ካልተበላሸ ይመለሳል። ሲገቡ የግድግዳውንና የምድጃውን ፎቶ ከነቀኑ አንስተው ለራስዎ ኢሜይል ይላኩት፤ ስልክ ይጠፋል።